«አይዞሽ» ማለት ተከለከልኩ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

29 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሳይኮሎጂ ነው። በሙያዬ ሥራ ስላጣሁ ላለፉት ስድስት ዓመታት ባንክ ነው የምሠራው፣ መስኮት ላይ። ከሁለት ዓመት በፊት ቆርጬ የማታ ማስተርስ ገባሁ፤ ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ። ኮርሶቹን ጨርሻለሁ። ውጤቴም ጥሩ ነው። አሁን ፕራክቲከም፣ ማለትም የተግባር ልምምድ ላይ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ከባንኩ ፈቃድ እየወሰድኩ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

ችግሬ እዚያ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ተማካሪዬ በቅርቡ አባቷ የሞቱባት ተማሪ ናት። ገና ማውራት ስትጀምር አለቀሰች። እኔም አባቴን ያጣሁት በእሷ ዕድሜ ስለሆነ እንባዬ መጣ። አይዞሽ፣ አይዞሽ አልኳት። የራሴንም ነገርኳት። እኔም አልፌዋለሁ፣ ለአንቺም ያልፋል፣ ትምህርትሽን በርትተሽ ተማሪ፣ እናትሽን አስቢ አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማታውኑ ያወራነውን ከትዝታዬ ቃል በቃል ጻፍኩና መምህራችን የልምምድ ሥራችንን በጋራ ለሚያዩበት የቡድን ሱፐርቪዥን አቀረብኩት። መምህራችን እስክሪብቶ ይዘው ቆጠሩ። «ዘጠኝ ጊዜ አይዞሽ ብለሻል። አሥራ አንድ ጊዜ መክረሻል። ስለ አባቷ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቅሽም» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። «ከዛሬ ጀምሮ አይዞሽ ማለት ተከልክለሻል» አሉ። እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ችዬው ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ግን አልቻልኩም። ልጅቷም በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣችም።

አሁን ባንኩ የዕድገት ማስታወቂያ አውጥቷል። ካለፍኩ ቅርንጫፍ እቀይራለሁ፤ የማክሰኞ ፈቃድ የሚባል ነገር አይኖርም። ለማመልከት ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። እናቴ «ድሮ ሰው የሚመክረው በሽበቱ ነበር፤ አንቺ በወረቀት ልትመክሪ ነው?» ትለኛለች። አክስቴ ከባሏ ጋር ስትጣላ ደግሞ ይህችው እናቴ «ሂጂ ልጄን አዋሪያት፣ ተምራበታለች» ብላ ትልክብኛለች። ቨርጂኒያ ያለች ጓደኛዬ ይህንኑ ትምህርት እየተማረች ነው። እሷ 700 ሰዓት ልምምድ አለባት። የእኔን ስነግራት ዝም አለች።

ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ይሆን? ልተወው?

«አይዞሽ» የተከለከለችው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽን አሳጥሬዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የልጅቷን ክፍልና ሴክሽን፣ አባቷ በምን እንዳረፉ ሁሉ ጽፈሽልኝ ነበር። ሰረዝኩት። ስሟን አልጻፍሽም፤ ግን የሰፈሯ ሰው ቢያነበው በሁለት መስመር ያውቃታል። ልቆጣሽ ብዬ አይደለም። ሰው ሲጨንቀው ይዘረግፋል፤ እኔ ጋ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ እንዲሁ ነው። ግን ከአሁኑ ልማድ አድርጊው። ስለ ተማካሪ ስታወሪ ስሙንም ምልክቱንም አጥፊ፤ ለእናትሽም፣ ለእኔም ቢሆን። ቨርጂኒያ ላለችው ጓደኛሽም ምን ያህሉን እንደነገርሻት እስቲ አስቢው።

ከሰረዝኩት ውስጥ አንዱን ግን ልመልሰው፤ ማንንም አያሳውቅም። «የምክር ቢሮ» ተብሎ የተሰጠሽ ክፍል የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበት ነው። ልጅቷ እያለቀሰች በሩ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። አንዱ ኳስ ሊወስድ፣ አንዱ ኳስ ሊመልስ፣ ሦስተኛው ማን እንደሚያለቅስ ሊያይ። አንቺ ይህን በአንድ መስመር ጽፈሽው አለፍሽ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ከዘጠኙ «አይዞሽ» ስንቱን ያልሽው በሩ ሲከፈት ነው? ስንቱን ለልጅቷ፣ ስንቱንስ ለራስሽ? የምሬን ነው የምጠይቅሽ። ያን ጽሑፍ አውጪና እዪው።

አሁን የእኔን ልንገርሽ፣ ትንሽ ተንፍሺ። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው ተማካሪዬ ከሥራ የተቀነሱ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። በፈቃዳቸው ቀዳሁት፤ ያኔ በካሴት ነው። በውይይታችን መጨረሻ ተነሥተው «ተባረኪ ልጄ፣ አንደበትሽ ማር ነው» ብለውኝ ወጡ። ለሁለት ሳምንት ያችን ምርቃት እያሰብኩ ስኮራ ሰነበትኩ። ከዚያ ሱፐርቫይዘሬ ካሴቱን አስገቡ። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሲያልቅ «ከ50 ደቂቃው 34ቱን ያወራሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሰውየው ደግመው አልመጡም። ምርቃታቸው ስንብት ኖሯል።

እኔና አንቺ ብቻም አይደለንም። ዛሬ ማዳመጥ ሲነሣ ስሙ አብሮ የሚጠራው አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ካርል ሮጀርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እያለ ከተማሪዎቹ ጋር የማማከር ውይይቶችን በሸክላ ማስቀዳት ጀመረ። ሸክላው በየጥቂት ደቂቃው ይሞላና ይቀየራል፤ ሥራው አድካሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ስለዚሁ ጽፏል። አማካሪው ምንም አልመራሁም፣ አልመከርኩም ብሎ የወጣበት ውይይት ሲደመጥ ምሪቱና ምክሩ ሞልቶበት ተገኘ። ሰው አፉ ምን እንዳለ ጆሮው አይነግረውም። ለዚህ ነው ፕራክቲከም የሚባል ነገር የተፈጠረው። በኮርሶቹ ውስጥ ይህን ማወቅ አትችዪም። ቲዎሪ ላይ ያመጣሽው ውጤትም ቢሆን ሌላውን ነው የለካው።

ስለዚህ መምህርሽ የቆጠሩት ልክ ነው። ክፍሉ መሳቁ ግን ልክ አይደለም፤ እሳቸውም ሳቁን ማስቆም ነበረባቸው። ስለ ልጅቷ ኀዘን እየተወራ ያለበት ክፍል ነው። ሠልጣኝ እንዲህ ከተሳቀበት በሚቀጥለው ጊዜ የሚያመጣው ጽሑፍ ይታጠባል፣ ይተኮሳል።

እዚህ ላይ መምህርሽም አንቺም ያለፋችሁት ነገር አለ መሰለኝ። ያን ጽሑፍ የጻፍሽው ከትዝታሽ ነው። መቅረጫ አልነበረም። ዘጠኙን አራት ብታደርጊው ማን ያውቅብሽ ነበር? እኔ ተማሪዎችን ስከታተል ቃል በቃሉን ቀባብተው የሚያመጡ ስንት አይቻለሁ፤ ተማካሪው እንደ መጽሐፍ ይናገራል፣ ሠልጣኙ እንደ ሮጀርስ ይመልሳል። አንቺ ግን ዘጠኙንም ጻፍሽ። እንባሽንም ጻፍሽ። «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ይሆን?» ላልሽው፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ለመልስ የሚሆን ነገር ካለ ይሄ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደተከለከለው ቃል እንምጣ።

የዚህ ሙያ ግማሽ ጣጣ እኛ ጋ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ካውንስሊንግን «የምክር አገልግሎት» አልነው። ምክር ደግሞ በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው እየተባለም ተገርፈናል። በሩ ላይ «የምክር ቢሮ» ተብሎ ሲለጠፍ ተማሪው ምክር ጠብቆ ይገባል። አንቺም ሳትመክሪ ከወጣሽ ሥራሽን ያልሠራሽ ይመስልሻል። (ይህንን የምጽፈው የምክር ዓምድ ላይ ነው፤ ከሁላችን የባስኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።) ተማካሪው ራሱ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅሽ እንደ ግድግዳ ማፍጠጥ አለብሽ እያልኩ አይደለም። እዚህ አገር ዝም የሚል አማካሪ ኩሩ ይመስላል። ግን ልጅቷ «ምን ላድርግ» ብላሽ ነበር? ከጻፍሽልኝ ውስጥ አላገኘሁትም።

«ተከልክለሻል» መባሉንም እንደ ቅጣት አትውሰጂው። በሥልጠና የታወቀ ዘዴ ነው። አለን አይቪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያመጡት ማይክሮካውንስሊንግ የሚባለው መንገድ ክህሎቱን ቆራርጦ አንድ በአንድ ያስለምዳል። መጀመሪያ ማየትና መስማት ብቻ። ቀጥሎ ክፍት ጥያቄ። ከዚያ የተባለውን በራስ ቃል መመለስ። የሰውየውን ስሜት መልሶ በቃል መናገር የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ቀኝ እጁን አሥረው በግራ እንዲጫወት እንደሚያደርጉት ልጅ ማለት ነው። እጅሽ በኋላ ይፈታል።

ቃሉ ራሱ ምን አደረገ? ለታመመ፣ ለፈተና ለሚገባ፣ መንገድ ላይ አንሸራቶት ለወደቀ ሰው ከ«አይዞህ» የተሻለ ምን አለ? ግን ለቅሶ ቤት አስቢ። ሰው ድንኳን ይገባል፣ ይቀመጣል፣ አያወራም። ንፍሮውን ይቆረጥማል። ካርታ የሚጫወተው ይጫወታል። ሲነሣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ድሮ ደግሞ ሙሾ አውራጅ ነበረች። እሷ የሟቹን ስም ትጠራለች፣ ደግነቱን፣ አረማመዱን፣ ለማን ምን እንዳለ እያነሣች ቤቱን ታስለቅሳለች። ሥራዋ ማስለቀስ ነው። ያንን ማንም ጨካኝነት ነው አላለም። ማጽናኛው ዝናብ ሆኖ የሚወርደው ከሰልስት በኋላ ነው። ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ዘመድ ሲበተን፣ «በቃ ይበቃሻል» ሲጀመር።

ያቺ ልጅ አንቺ ጋ የመጣችው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። እስከዚያ ከአጎትም፣ ከጎረቤትም፣ ከክፍል ኃላፊዋም የሰማችው አይዞሽ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ቆይታ፣ አንድ ማክሰኞ የማታውቃት ሴት ፊት እንባዋ አመለጣት። ምናልባት ሌላ አይዞሽ አልፈለገችም ነበር። እንደ ሙሾ አውራጇ ስሙን የሚጠራላት ሰው ነበር የጎደላት። «አባትሽ ማን ብለው ነበር የሚጠሩሽ?» ብትያት ምን ትልሽ ነበር? እኔ አላውቅም። እሷ ታውቃለች።

ሌላም ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ክፍል ውስጥ ሮል ፕሌይ ስትሠሩ፣ አንዳችሁ አማካሪ አንዳችሁ ተማካሪ ሆናችሁ ስትለማመዱ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው አይደል? መጻሕፍቱም እንግሊዝኛ፣ ስላይዱም እንግሊዝኛ። ከዚያ ማክሰኞ ትሄጂና በአማርኛ ለምታለቅስ ልጅ በልብሽ ተርጉመሽ «ምን ተሰማሽ?» ትያታለሽ። እኛ ጋ «ምን ይሰማሃል» የሚለው ሐኪም ነው። መልሱም «ራሴን» ወይም «ምንም» ነው። የእኛ ሰው ስሜቱን ሆዱና አንጀቱ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ አንጀቴ ተላወሰ ይላል። «ሆድ ባሰኝ» የምትለው ልጅ ማዘኗን ብቻ አይደለም የነገረችሽ፤ የተረሳሁ መሰለኝ፣ የሚቆምልኝ አጣሁ የሚለውም አለበት። እሱን ሰምተሽ «ሆድ ባሰሽ» ብለሽ ብቻ ብትመልሺላትና ዝም ብትዪ፣ መጽሐፉ በሦስት ገጽ የሚያብራራውን ሠራሽ ማለት ነው። ከአንድ የክፍል ጓደኛሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ ብቻ ተለማመዱ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በስልክ ቅዱትና አብራችሁ ስሙት፤ እየቆማችሁም «እዚህ ጋ ምን እያሰብሽ ነበር?» ተባባሉ። ይህን ዘዴ ኖርማን ኬገን የሚባል ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሰው ነው ያስፋፋው። እሱ በቪዲዮ ነበር የሚሠራው፤ ለእናንተ ስልክ ይበቃል።

አሁን ከባዱን ልጠይቅሽ። «እኔም አልፌዋለሁ» ብለሻታል። አልፈሽዋል?

መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ማልቀስሽ ነውር አይደለም፤ የተማካሪ ኀዘን ዓይኑን እርጥብ ያላደረገበት አማካሪ ካለ እኔ ነኝ የምጠረጥረው። የራስን ታሪክ መናገርም ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። የሚለየው ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚወራው የማን አባት እንደሆነ ነው። አንቺ ከተናገርሽ በኋላ ልጅቷ ማልቀሷን አቁማ አንቺን ማየት እንደጀመረች ጽፈሻል። ልጅ ናት፤ አዘነችልሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት ታልቅስብሽ? እንግሊዝ አገር በብዙዎቹ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ዶክትሬት ፕሮግራሞች ሠልጣኙ ራሱ ተማካሪ ሆኖ መቀመጡ ግዴታ ነው። እዚህ ማንም አላስገደደሽም ይሆናል። አንቺ ግን አድርጊው። ከመምህርሽ ሌላ የሆነ አማካሪ ፈልገሽ አራትና አምስት ጊዜ ስለ አባትሽ አውሪ። የንስሐ አባትሽ ጋ መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ግን አማካሪ ጋም ሂጂ። ወንበሩ ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል የምታውቂው ስትቀመጪበት ነው።

የጓደኛሽን 700 ሰዓት በተመለከተ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። አሜሪካ ካክሬፕ የሚባለው አካል ዕውቅና የሚሰጣቸው የማስተርስ ፕሮግራሞች 100 ሰዓት ፕራክቲከምና 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃሉ። ከዚያ ውስጥ ከተማካሪ ጋር ፊት ለፊት የሚሆነው ግን ቢያንስ 280 ነው። ቀሪው ሱፐርቪዥን፣ ጽሑፍና ዝግጅት ነው። በዚያ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ከምረቃ በኋላ ራሷን ችላ ለመሥራት 3,400 ሰዓት በሰው ሥር መሥራት ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ ጨርሳም የሚሰጣት የአማካሪነት ፈቃድ ነው። እዚያ «ሳይኮሎጂስት» ለመባል በአብዛኛው ዶክትሬት ያስፈልጋል። ዝም ያለችውም ንቃሽ ላይሆን ይችላል። የራሷ የመጀመሪያ ተማካሪ ትዝ ብሏት ይሆናል። ከዚህ የምትወስጂው አንድ ነገር ቢኖር፣ ማስተርሱ ሲያልቅ ሥልጠናው አያልቅም። እዚህ ማንም ባይጠይቅሽም፣ ከተመረቅሽ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚከታተልሽ ሰው ፈልጊ። ዲግሪውን ሰቅለው በማግስቱ ቢሮ የሚከፍቱትን አይተሻል። እንዳትቸኩዪ።

እናትሽን ተዪያቸው። ሽበቱም ይመጣል። አክስትሽን ግን በጊዜ መልክ አስይዢው፤ ነገ የባሏን ምሥጢር ይዘሽ ፋሲካ አብረሽው ልትቀመጪ ነው። «አክስቴ፣ እንደ ልጅሽ ቡና እየጠጣን እሰማሻለሁ። ለምክሩ ግን የማያውቅሽ ሰው ይሻልሻል፤ ከፈለግሽ ጥሩ ሰው እፈልግልሻለሁ» በያት። ትቀየም ይሆናል። ለአንድ ሳምንት ነው።

የባንኩ ነገር። እዚህ ላይ ልወስንልሽ አልችልም፤ ልወስንልሽ ብሞክር መምህርሽ አሥራ ሁለተኛ ምክር ብለው ይቆጥሩብኛል። ግን ልጠይቅሽ። ያ ማክሰኞ ባይደርስ፣ ልጅቷም በሁለተኛው ቀጠሮ ተመልሳ ብትመጣ ኖሮ ማስታወቂያውን አንብበሽ ምን ትዪ ነበር? «አመለክት ነበር» ካልሽ ጥያቄው የኑሮና የደመወዝ ነው። እሱም የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ለማንም አያዝንም። «ዞር ብዬም አላየውም ነበር» ካልሽ ግን የምታመለክቺው ለዕድገቱ ሳይሆን ከዚያ የስፖርት ዕቃ ክፍል ለመሸሽ ነው። ሁለቱን ለዪ።

ማመልከት መቀበል እንዳልሆነም አትርሺ። በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ዲፓርትመንቱ ሄደሽ ጠይቂ። ፕራክቲከሙን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ማዛወር ይቻላል? ቅዳሜ የሚሠራ የልምምድ ቦታስ አላቸው? ማቋረጥ ግድ ከሆነብሽም ፎርም ሞልተሽ፣ መመለሻውን ጠይቀሽ አቋርጪ እንጂ ዝም ብለሽ እንዳትጠፊ። እንደዚያ ጠፍተው በኋላ ሪአድሚሽን ሲለምኑ የሚንገላቱ አውቃለሁ። ከልብሽ መዝነሽ «ሰው ሲያለቅስ አብሬ እየተቀመጥኩ ዕድሜዬን መጨረስ አልፈልግም» ካልሽም ሙሉ መልስ ነው፤ ያ ዲግሪሽ ባንኩ ውስጥ በሰው ኃይል በኩል ሊያሠራሽ ይችላል። የእኔን ግምት ከጠየቅሽኝ፣ ከአንድ ተማካሪና ከአንድ ሱፐርቪዥን ተነሥቶ መወሰን በጣም ቀድሟል። ካል ስቶልተንበርግ የሚባል ተመራማሪ ስለ ሠልጣኞች ዕድገት ሲጽፍ የጀማሪው ዓይን ራሱ ላይ ነው የሚል ነገር አለው። «ጥሩ ጠየቅኩ? አሁን ምን ልበል? ምን ይሉኛል?» ያልፋል፣ ግን በሦስትና በአራት ተማካሪ አያልፍም።

መምህርሽን ለብቻቸው አግኚያቸው፤ በቡድኑ ፊት ሳይሆን ቢሯቸው። «የቆጠሩት ትክክል ነው፣ መማር እፈልጋለሁ። ክፍሉ ሲስቅ ግን ከባድ ነበር» በያቸው። ከዚያ አንድ የተወሰነ ነገር ጠይቂ። ለምሳሌ «ልጅቷ ስታለቅስ ዝም ካልኩ በኋላ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገሬ ምን ልትሆን ትችላለች? አብረን እንለማመዳት» በያቸው። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ከሆኑ ደስ ይላቸዋል። ካላላቸውም ያኔ ደግመሽ ጻፊልኝ፤ እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው።

ልጅቷን በስልክ እንዳትፈልጊያት፣ ክፍሏም ድረስ እንዳትሄጂ። ጓደኞቿ ፊት መጠራት በራሱ ያሳፍራታል። በትምህርት ቤቱ አማካሪ በኩል፣ በታሸገ ወረቀት፣ አጭር መልእክት ይበቃል። «ማክሰኞ በስምንት ሰዓት እዚያው ነኝ። መምጣትም አለመምጣትም ትችያለሽ።» ሌላ አትጨምሪበት። ከቀረች ቀረች። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ የሚቀር ሰው በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ነው፤ ሁሉም በአማካሪው ጥፋት አይደለም። ከመጣች ደግሞ ይቅርታ እየጠየቅሽ ሌላ ሸክም አትጫኚባት። «ባለፈው ብዙ ያወራሁት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ አንቺን ልስማ» ብለሽ ተቀመጪ።

ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ቀደም ብለሽ ድረሺ። ኳሶቹን ለስፖርት መምህሩ አስረክቢ፤ ለአንድ ሰዓት ሌላ ቦታ ይቀመጡ። በሩ ላይ «ሰው አለ፣ አይግቡ» የሚል ወረቀት ለጥፊ። ፕላስተሩን ከቤት ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ አይኖርም።